ሃይድሮጅን የሌለው ካርቦን፦ የአንድ ስፓይሮ ውህድ አሠራርና የክሪስታል መዋቅሩ

ስፓይሮ ውህድ የሚባለው ሁለት ቀለበቶች በአንድ አቶም ብቻ የሚጋጠሙበት ሞለኪውል ነው። መጋጠሚያው አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ነው፤ ከአራቱ እጆቹ ሁለቱን አንደኛው ቀለበት፣ ሁለቱን ሌላኛው ይይዛቸዋል። ስለዚህ ይህ ካርቦን ሃይድሮጅን አይሸከምም፤ ቀለበቶቹም ጎን ለጎን መተኛት አቅቷቸው አንዱ በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አዶልፍ ፎን ባየር ለእነዚህ ውህዶች የስም አወጣጥ ሥርዓት ያቀረበው በ1900 ነበር። ዛሬ በመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ስፓይሮኖላክቶንና ግሪሲዮፉልቪን አሉ፤ ለወባ ሲጠና የቆየው ሲፓርጋሚንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ከአይሳቲን፣ ከማሎኖናይትራይልና ከዳይሜዶን በአንድ ዕቃ ውስጥ የሚሠራውን ስፓይሮኦክሲንዶል ነው። ቀመሩ ካርቦን 19፣ ሃይድሮጅን 17፣ ናይትሮጅን 3፣ ኦክስጅን 3 ሲሆን የሞላር ክብደቱ 335.36 ነው። ሦስቱ መነሻዎች ሲጣመሩ የሚወጣው አንድ ውሃ ብቻ ነው። ሪአክሽኑ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ምርቱ በእርግጥ የተባለው ስፓይሮ መሆኑን ማሳየት፣ ለዚያም የሚሆን ክሪስታል ማሳደግ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኤንኤምአር (በመግነጢስ መስክ የአቶሞችን ትስስር የሚያሳየው ልኬት) ለምን ብቻውን እንደማይበቃ መጀመሪያ እንይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነው። ኤችኤምቢሲ የተባለው ሙከራ አንድን ሃይድሮጅን እስከ ሦስት ቦንድ ርቆ ካለ ካርቦን ጋር ያገናኛል። በዚህ ሞለኪውል ውስጥ ከኦክሲንዶሉ፣ ማለትም ከአይሳቲኑ ከመጣው ቀለበት፣ ወገን ያለው የላክታም (ቀለበት ውስጥ ያለ አማይድ) ኤንኤች፣ እንዲሁም በቤንዚን ቀለበቱ ላይ ለስፓይሮው ቅርብ የሆነው ሃይድሮጅን በሦስት ቦንድ ስፓይሮ ካርቦኑን ያዩታል። ከፓይራኑ፣ ኦክስጅን ካለበት ስድስት አባል ቀለበት፣ ወገን ግን የአሚኑም ሆነ የሁለቱ ሲኤች 2 ሃይድሮጅኖች አራት ቦንድ ይርቃሉ። ስለዚህ ስፔክትረሙ ስፓይሮ ካርቦኑን ከአንድ ቀለበት ጋር ያስራል፤ ሁለተኛው ቀለበት እዚያው ካርቦን ላይ መዘጋቱን ግን በቀጥታ አያሳይም። ሁለተኛውን ግማሽ የሚያሳየው ኤክስሬይ ነው።

ወደ አሠራሩ። አይሳቲን 0.736 ግራም፣ ማሎኖናይትራይል 0.330 ግራም፣ ዳይሜዶን 0.701 ግራም መዝኑ፤ እያንዳንዳቸው 5 ሚሊሞል ናቸው። አሟሚው 20 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ነው። 95 በመቶው ይበቃል፤ ውሃ ሪአክሽኑን አያበላሸውምና ለማድረቅ አትድከሙ። ካታሊስቱ ትራይኢታይልአሚን፣ 0.07 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 10 ሞል በመቶ ነው። ፒፐሪዲንም ይሠራል፤ ነገር ግን በአንዳንድ አገሮች ቁጥጥር የሚደረግበት ኬሚካል ስለሆነ ትራይኢታይልአሚንን እመርጣለሁ። ቤዝ ማብዛት ግን ጥቅም የለውም። ማሎኖናይትራይል በቤዝ ውስጥ ከራሱ ጋር ይጣመርና ሙሙቱ ይቡናል፤ ያ ቡናማ ነገር ደግሞ እስከ መጨረሻው ከምርቱ ጋር ይጓዛል።

ማሎኖናይትራይል በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በሞቃት ክፍል ውስጥ ጠርሙሱ ግማሽ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። ይህ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ ቀለሙ ከነጭ ወደ ቡናማ ከሄደ ግን አትጠቀሙበት። በቆዳም በትንፋሽም የሚገባ መርዝ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሳያናይድ ይለቃል። ከጭስ ማስወገጃው ሳጥን ሳይወጣ ይመዘን፣ ጓንት ይደረግ፣ የናይትራይል ቆሻሻም ስሙ በተጻፈበት የራሱ ዕቃ ይጠራቀም።

ሦስቱንም አንድ ላይ ከመጨመር ቅደም ተከተል መጠበቅ ይሻላል። አይሳቲኑንና ማሎኖናይትራይሉን በኢታኖል ውስጥ አማስሉ፣ ቤዙን ጨምሩ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የአይሳቲኑ ብርቱካናማ ቀለም ወደ ጥቁር ቀይ ይለወጣል። ይህ ቀለም የአይሳቲሊዲን ማሎኖናይትራይል ነው፤ የክኖቬናገል እርምጃው፣ ሁለቱ ውሃ አስወጥተው የሚጣመሩበት፣ መፈጸሙን የሚነግራችሁም እሱ ነው። ማሎኖናይትራይሉ የሚያጠቃው የአይሳቲኑን ኪቶን ካርቦኒል ነው፤ የአማይዱ ካርቦኒል ከጎኑ ባለው ናይትሮጅን ምክንያት ሰነፍ ነው። አሁን ዳይሜዶኑን ጨምሩና ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በሪፍለክስ (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ወደ ዕቃው እየተመለሰ) አፍሉት። የዳይሜዶኑ ኢኖሌት ቀዩን ውህድ በማይክል መንገድ፣ በድርብ ቦንዱ ላይ በመደመር፣ ያጠቃል፤ ቀጥሎ የኢኖሉ ኦክስጅን ወደ አንደኛው ናይትራይል ይዞርና ፓይራኑን ይዘጋል። ቀዩ ቀለም እየደበዘዘ ነጭ ወይም ክሬም ዝቃጭ መውረድ ይጀምራል።

ዳይሜዶኑ ቀድሞ ከገባ ምን ይሆናል? ሁለት ዳይሜዶን በአንድ አይሳቲን ላይ ሊደርቡ ይችላሉ፤ ውሃ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ስፓይሮ ውህድ፣ የዛንቲን (xanthene) ቀለበት ያለው፣ ይፈጠራል። ይህ በጣም አሳሳች ነው፤ እሱም ነጭ፣ እሱም ስፓይሮ፣ እሱም የሁለት ሜታይል ምልክት ያለው ነውና። የሚለየው በሦስት ነገር ነው። የሞላር ክብደቱ 391 ነው፤ በኢንፍራሬድ ላይ 2190 በሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚታየው የናይትራይል መስመር የለውም፤ በኤንኤምአርም 7.2 ፒፒኤም አካባቢ የሚወጣው የአሚኑ የሁለት ሃይድሮጅን ምልክት ይጎድለዋል።

ዝቃጩ ሲበዛ ሙሙቱ ይወፍርና ማማሰያው ይቆማል። በአምስት ሚሊ ሊትር ኢታኖል የሚሠራ ሰው የሚጠብቀው ችግር ይህ ነው፤ ያልተቀየረ አይሳቲን በዝቃጩ ውስጥ ይታሰርና ምርቱ ሮዝ ይሆናል። 20 ሚሊ ሊትር ያልኩት ለዚህ ነው። ሂደቱን በቲኤልሲ (በቀጭን ንጣፍ ክሮማቶግራፊ) ተከታተሉ፤ ኢታይል አሲቴትና ሄክሴን እኩል በእኩል ይበቃል። አይሳቲን በዓይን ይታያል፣ ምርቱ በ254 ናኖሜትር መብራት ሥር ይታያል።

ሲያልቅ ወደ ክፍል ሙቀት ይውረድ፣ ከዚያ በበረዶ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ በቡክነር ይጣራ። ሁለት ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ኢታኖል፣ አንድ ጊዜ በውሃ እጠቡት፣ በ60 ዲግሪ አድርቁት። በስሌት የሚጠበቀው ከፍተኛ ምርት 1.677 ግራም ነው፤ ከ85 በመቶ በታች ከሆነ ማጣሪያው ውስጥ ወይም ቅደም ተከተሉ ላይ ችግር አለ። መቅለጫ ነጥቡ በጣም ከፍተኛ ስለሆነና ሲቀልጥ ስለሚበላሽ ለንጽሕና ማስረጃ አድርጌ አላምነውም። በዲኤምኤስኦ ዲ 6 (ሃይድሮጅኑ በዲዩተሪየም የተተካ አሟሚ) ውስጥ የተነሣ ኤንኤምአር ይሻላል፤ የላክታሙ ኤንኤች 10.4፣ አሚኑ 7.2፣ ሁለቱ ሜታይሎች 1.0 አካባቢ ለየብቻ፣ ስፓይሮ ካርቦኑ ደግሞ 47 ፒፒኤም አካባቢ ይወጣሉ። ሁለቱ ሜታይሎች የሚለያዩት ሞለኪውሉ ካይራል (ከመስታወት ምስሉ ጋር የማይገጥም) ስለሆነ ነው፤ ስፓይሮ ካርቦኑ ላይ ያሉት አራቱ ጎረቤቶች ሁሉ የተለያዩ ናቸው። ካታሊስቱ ካይራል ስላልሆነ የምናገኘው ሬስሜት፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ድብልቅ ነው። ይህን ያዙት፤ ስፔስ ግሩፕ (የክሪስታሉን የሲሜትሪ ዓይነት) ስንመርጥ እንመለስበታለን።

አሁን ክሪስታል። ምርቱ ራሱን ከኢታኖል ውስጥ ጥሎ መውጣቱ ለሠሪው ምቹ ነው፤ ክሪስታል ለሚፈልግ ግን እንቅፋት ነው። ከመጠን በላይ ከጠገበ ሙሙት በፍጥነት የሚወርድ ነገር ሺህ ኒውክሊየስ (የክሪስታል ዘር) ይፈጥራል፤ ውጤቱም ዱቄት ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ኒውክሊየስና ረጅም ጊዜ ነው። ሁልጊዜ ቀድሜ የምመክረው የእንፋሎት ስርጭትን ነው። 20 ሚሊ ግራም ንጹሕ ምርት በአንድ ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ዲኤምኤፍ (ዳይሜታይልፎርማማይድ) አሟሙ፤ ካልሟሟ በጥቂቱ ጨምሩ። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጣሩት፤ አቧራና የማጣሪያ ወረቀት ክር ሁሉ የኒውክሊየስ መነሻ ነው። ሙሙቱን ያልተጫረ አዲስ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አስገቡ፣ ብልቃጡን 5 ሚሊ ሊትር ዳይኢታይል ኢተር ባለበት ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ አቁሙ፣ ትልቁን አጥብቃችሁ ክደኑ። ኢተሩ ቀስ እያለ ወደ ዲኤምኤፉ ይገባና የመሟሟት አቅሙን ይቀንሰዋል። ከፓምፕ፣ ከማቀዝቀዣ ሞተርና ከሰው እጅ አርቁት። በየቀኑ አንሥቶ ማየት የሚያጠፋው ክሪስታል ብዙ ነው።

በሁለት ቀን ውስጥ ዱቄት ከወረደ ሙሙቱን ግማሽ አቅጥኑት። ሳምንት አልፎ ምንም ከሌለ ወፍራም አድርጉት። ዘይት ከተለየ ብዙውን ጊዜ ምርቱ ንጹሕ አይደለም፤ አሟሚ ከመቀያየር በፊት እንደገና አንጹት። ሌላው መንገድ በፈላ ኢታኖል የጠገበ ሙሙትን ሙቅ ውሃ ባለበት ቴርሞስ ውስጥ አስገብቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ማቀዝቀዝ ነው። ክፍት ትነት ግን እስከ ድርቀት እንዲሄድ አትፍቀዱ፤ መጨረሻ ላይ ቆሻሻው ሁሉ በክሪስታሉ ላይ ይጋገራል። ከዲኤምኤፍ ወይም ከዲኤምኤስኦ የሚወጡ ክሪስታሎች አሟሚውን ይዘው ማደግ ይወዳሉ፤ ከእናት ሙሙታቸው ሲወጡ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ሆነው ይሰነጠቃሉ። እስከ ዲፍራክቶሜትሩ ድረስ በሙሙታቸው ውስጥ ይቆዩ።

ምርጫው በፖላራይዘር ማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ጥሩ ክሪስታል ሲሽከረከር በየ90 ዲግሪው ሙሉ በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ከጨለመ ሁለት ክሪስታሎች ተጣብቀዋል፤ በፐርፍሉሮ ዘይት ውስጥ በምላጭ ቆርጣችሁ አንዱን ውሰዱ። ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር መጠን ተስማሚ ነው። ዘይቱ ክሪስታሉን ከአየር ይጠብቃል፤ ሲቀዘቅዝም ሙጫ ሆኖ ይይዘዋል። በናይትሮጅን ጅረት ወደ 100 ወይም 150 ኬልቪን ማውረድ የአቶሞቹን ንዝረት ይቀንሳል። ነገር ግን ከመቀዝቀዙ በፊት በክፍል ሙቀት ጥቂት ምስሎች አንሡ። ሲቀዘቅዝ ነጥቦቹ ከተከፋፈሉ ክሪስታሉ ተሰንጥቋል ወይም ፌዝ ቀይሯል፤ ያኔ 200 ኬልቪን ላይ ሞክሩ።

ዩኒት ሴሉ (በክሪስታሉ ውስጥ የሚደጋገመው ትንሹ ሳጥን) እንደታወቀ አንድ ደቂቃ የማይወስድ ስሌት ሥሩ። ከሃይድሮጅን ውጪ ያሉ አቶሞች 25 ናቸው። ለእያንዳንዱ 18 ኪዩቢክ አንግስትሮም ስጡት፤ ለአንድ ሞለኪውል 450፣ ለአራት ሞለኪውል 1800 ይሆናል። የሴሉ መጠን ወደ 2160 የሚጠጋ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል 90 ትርፍ አለ፤ ያ የአንድ ዲኤምኤፍ ልክ ነው፣ አምስት አቶም በ18። ሴሉ ከዚህ በጣም ካነሰ ደግሞ የተመዘገበው ሌላ ነገር፣ ምናልባትም መነሻው አይሳቲን ነው። በዚህ ስሌት የሙሉ ቀን ልፋት ይድናል።

ቀጥሎ መረጃው። የኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት ለሞሊብዲነም 0.71073፣ ለመዳብ 1.5418 አንግስትሮም ነው። ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ላለበት ትንሽ ወይም ደካማ ክሪስታል መዳብ ይሻላል። እስከ 0.84 አንግስትሮም ጥራት፣ ለሞሊብዲነም እስከ 50 ዲግሪ ሁለት ቴታ (ጨረሩ ከመነሻ አቅጣጫው የሚታጠፍበት አንግል)፣ ከ99 በመቶ በላይ የተሟላ መረጃ ይፈለጋል። ነጥቦቹ ከ1.1 አንግስትሮም ወዲያ ከጠፉ የብርሃን ጊዜ ማስረዘም ብዙ አይረዳም፤ ሌላ ክሪስታል ማሳደግ ነው መፍትሔው።

ስፔስ ግሩፕ ሲመረጥ ሬስሜቱን አስታውሱ። ሬስሜት አብዛኛውን ጊዜ የመገልበጫ ማዕከል ባለው ግሩፕ፣ ለምሳሌ በፒ 2(1)/ሲ ወይም በፒ −1፣ ይቀመጣል። የኢ ስታቲስቲክሱ (ከነጥቦቹ ጥንካሬ የሚሰላው የ|E²−1| አማካይ) ይህን ይመሰክራል፤ ማዕከል ላለው 0.968፣ ለሌለው 0.736 ይጠበቃል። ፕሮግራሙ ማዕከል የሌለው ግሩፕ ካቀረበ ሁለት ዕድል አለ። አንድም ሲሜትሪው ሳይታይ ቀርቷል፤ አንድም ግራና ቀኙ በየራሳቸው ክሪስታል ተለያይተዋል። ሁለተኛው ይሆናል፤ ግን ብርቅ ነው፤ መጀመሪያ በፕላቶን ፕሮግራም የጠፋ ሲሜትሪ ፈልጉ። እውነት ከሆነም ግራ ወይም ቀኝ መሆኑን የሚናገረውን የፍላክ ቁጥር ከሞሊብዲነም መረጃ አትመኑ፤ ከባድ አቶም በሌለበት የስሕተት ወሰኑ ከቁጥሩ ይበልጣል።

ሼልክስቲ የተባለው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ መዋቅሩን በሰከንዶች ይፈታዋል። የአቶሞቹን ስም ግን እንደሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን በኤሌክትሮን ብዛት የሚለያዩት በአንድ በአንድ ነው። ፍንጩ በንዝረት ቁጥሩ ላይ ነው። ከእውነተኛው የከበደ ስም የተሰጠው አቶም ንዝረቱ ያብጣል፤ የቀለለ ስም የተሰጠው ይኮማተራል። የፓይራኑ ኦክስጅን ናይትሮጅን ተብሎ ቢሰየም ንዝረቱ ከጎረቤቶቹ ያንሳል፤ አጠገቡም የሃይድሮጅን ጫፍ አይገኝም። ከዚያ የቦንድ ርዝመት ተመልከቱ፤ ናይትራይሉ 1.15፣ ካርቦኒሎቹ 1.22፣ ከአሚኑ ጋር ያለው ካርቦንና ናይትሮጅን 1.34፣ ፓይራኑ ውስጥ ያለው ካርቦንና ኦክስጅን 1.37 አንግስትሮም አካባቢ መሆን አለባቸው። ስፓይሮ ካርቦኑ ጋ አራቱም ቦንዶች ነጠላ ናቸው፣ ከ1.51 እስከ 1.57። በአምስት አባል ቀለበቱ ውስጥ ያለው አንግል ወደ 101 ዲግሪ ይጠባል፤ በሁለቱ ቀለበቶች ጠለል መካከል ያለው አንግል ወደ 90 ይጠጋል። እነዚህን ሲያዩ ኤንኤምአሩ ያልተናገረው ግማሽ ተነገረ ማለት ነው።

ሃይድሮጅኖቹን በሁለት መንገድ ያዟቸው። ካርቦን ላይ ያሉት በስሌት ቦታቸው ይቀመጡ፣ ንዝረታቸው የተሸካሚያቸው 1.2 እጥፍ፣ ለሜታይል 1.5 እጥፍ ይሁን። ናይትሮጅን ላይ ያሉትን ሦስቱን ግን ከልዩነት ፉሪየር ካርታ (ሞዴሉ ያላካተተው ኤሌክትሮን ከሚታይበት) ፈልጋችሁ በነፃ ተውአቸው። የሃይድሮጅን ቦንዱን ታሪክ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ በዚህ ቤተሰብ ላክታሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስምንት አባል ቀለበት፣ አሚኑና የጎረቤት ናይትራይል ደግሞ አሥራ ሁለት አባል ቀለበት መሥራት ይወዳሉ። የፓራሜትሮቹ ብዛት 25 ሲባዛ በ9፣ ሲደመር 1 ለስኬል፣ ሲደመር 12 ለሦስቱ ሃይድሮጅኖች፣ በጠቅላላ 238 ነው። በ1800 ኪዩቢክ አንግስትሮም ሴል፣ በፒ 2(1)/ሲ፣ እስከ 0.84 ድረስ ወደ 3180 ነጠላ ነጥቦች ይጠበቃሉ። ለአንድ ፓራሜትር ከ13 በላይ ነጥብ ማለት ነው፤ በቂ ነው።

ከሁለት ሜታይሎች ጋር ያለው የዳይሜዶኑ ጫፍ ካርቦን ከቀሪው ቀለበት ጠለል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይታጠፋል። ንዝረቱ ረዝሞ እንደ ሲጋር ከታየ ሁለቱም እጥፎች በአንድ ክሪስታል ውስጥ አሉ ማለት ነው። በሁለት ክፍል ከፍሉት፣ የድርሻቸውን ድምር 1 አድርጉ፣ ርዝመቶቹን በገደብ ያዙ። አር 1 (የተለካውና የተሰላው የሚለያዩበት መጠን) በ0.12 አካባቢ ቆሞ ከቀረና በደካማ ነጥቦች ላይ የተለካው ከተሰላው በጣም ከበለጠ ትዊን (በአንድ ሕግ ተጣብቀው ያደጉ ክሪስታሎች) ነው የሚጠረጠረው፤ በተለይ ቤታ የተባለው የሴሉ አንግል ለ90 ሲቀርብ። ፕላቶን ውስጥ ያለው ትዊንሮትማት ሕጉን ያገኘዋል።

አሟሚው ቅጥ ካጣ ወደ ስኩዊዝ (የአሟሚውን ድርሻ ከመረጃው የሚቀንስ ፕሮግራም) ከመሮጥ በፊት በሞዴል ለመያዝ ሞክሩ። ስኩዊዝ የሚሰጠው የኤሌክትሮን ቁጥር ብቻ ነው፤ ዲኤምኤፍ 40 ኤሌክትሮን፣ ዲኤምኤስኦ 42፣ ዳይኢታይል ኢተርም 42 ነው። ከቁጥሩ ብቻ “ይህ ኢተር ነው” ብሎ መጻፍ አይቻልም። ክሪስታሎቹን ሰብስቡ፣ ላያቸውን አድርቁ፣ በዲኤምኤስኦ ዲ 6 ኤንኤምአር አንሡ፤ ዲኤምኤፍ ከሆነ 7.95፣ 2.89 እና 2.73 ላይ፣ ኢተር ከሆነ 3.38 እና 1.09 ላይ ይወጣል።

ለቀላል አቶም መዋቅር አር 1 ከ0.05 በታች፣ የቀረው የኤሌክትሮን ጫፍ ከ0.3 እስከ 0.4 በኪዩቢክ አንግስትሮም፣ እነዚያ ጫፎችም በቦንዶች መካከል ላይ ከሆኑ ጥሩ ነው። ሲአይኤፉን (የመዋቅሩን መረጃ የያዘውን ፋይል) በቼክሲፍ በተባለው መፈተሻ አሳልፉ፣ የኤና የቢ ማስጠንቀቂያዎችን አንድ በአንድ መልሱ፣ ከ1965 ጀምሮ ባለው በኬምብሪጁ የመረጃ ቋት አስቀምጡት።

አንድ ሥራ ግን ይቀራል፤ ብዙዎች ይዘሉታል። የተፈታው የአንድ ክሪስታል መዋቅር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው 1.5 ግራም ዱቄት ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሲአይኤፉ የዱቄት ዲፍራክሽን ንድፍ አስሉና ከተለካው ዱቄት ጋር አነባብሩት። መዋቅሩ በ100 ኬልቪን የተነሣ ከሆነ ሴሉ ስለጠበበ የተሰሉት ነጥቦች ከክፍል ሙቀቶቹ ትንሽ ወደ ከፍተኛ አንግል ይሸሻሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ክሪስታሉ ዲኤምኤፍ ይዞ ያደገ ሆኖ ከኢታኖል የተጣራው ዱቄት አሟሚ የሌለው ከሆነ ንድፎቹ አይገጥሙም፤ ያኔ ንጽሕናውን ለማሳየት ከዱቄቱ ላይ ትንሽ ከዲኤምኤፍ አውጥታችሁ እንደገና ለኩት፤ ወይም ከኢታኖል ክሪስታል አሳድጉና ሴሉን ብቻ አረጋግጡ።